ከእያንዳንዱ ኖታ በፊት

ለሚመለከተው ሁሉ፦

ቅዳሜ ጥቅምት ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መቀሌ ዓይደር፣ በአቶ ገብረዝጊ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለው ሶኬት አንድ የላፕቶፕ ቻርጀር ተሰክቷል። መብራት ነበር። ሌላ የተለየ ነገር አልተፈጠረም።

የቤቱ ሰዎች ለጎረቤት የሰጡት መግለጫ ይኸው ነበር፤ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልጨመሩበትም። "የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው፤ የባባን የድሮ ካሴት እየሠራ ነው" ትላለች ልጃቸው ሉላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትሠራበት ፋርማሲ አንድ ሰዓት ቀድማ የምትወጣው ለካሴቱ ነው። አዲሱን ቢጫ ሹራብ የምትለብሰው ለካሴቱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰው አስማማው ከእንዳ ኢየሱስ በባጃጅ ሲመጣ፣ የተተኮሰ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ጀርባውን ከወንበሩ አርቆ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠውም፣ እንግዲህ፣ ለካሴቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። አስማማው በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ። አንድ ቀን አንዲት ሴት እርሳስ የተሰካበት ካሴት በሁለት እጇ ይዛ፣ የታመመ ጫጩት እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀች ገባች።

"ቴፑ በላው" አለች። "የአባቴ ነው። እሱ ከሞተ እኔም ሞቻለሁ።"

"አባትሽ?"

"ካሴቱ።"

አስማማው ካሴቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ። ወደ ካሴቱ ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት።

ካሴቱ ላይ ያለው ዘፋኝ የሌለው የአራት ደቂቃ ሙዚቃ ነው። በሥልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ፀጉራቸውን ያሳደጉ አራት የመቀሌ ልጆች "ነጭ ድንጋይ" የሚል ባንድ አቋቁመው በአንድ ሆቴል ሮክ ይጫወቱ ነበር። ከአስመራ የመጣ ሰው መቅጃ ማሽን ይዞ አንድ ምሽት በሆቴሉ ዕቃ ቤት ቀዳቸው። ሙዚቃው "የአስር ሰዓት ንፋስ" ይባላል፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ጊታሯን ነው። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ጫፉ ግን ይሻክራል። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው የት ቆሞ እንደሰማት ይነግራችኋል፤ ሳትጠይቁት።

አቶ ገብረዝጊ በዚያች ጊታር ሃምሳ ዓመት ተከብረውባታል። ሠርግ ቤት ከፊት ወንበር ይለቀቅላቸዋል። መታወቂያ ሊያሳድሱ ሲሄዱ ጸሐፊዋ "ያ የጊታሩ?" ብላ ብድግ ትላለች። ጊታሩ ዛሬም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አምፕሊፋየሩ ግን በዚያ የጦርነት ሁለት ዓመት ውስጥ ሄደ። ማን እንደወሰደው አስማማው ባለበት አይነሳም። አስማማው በሌለበት ሲነሳ ደግሞ ሉላ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

መስከረም ላይ የአስማማው ዝውውር ጸደቀ። ሉላ የምትባል ሰው በዓለም ላይ መኖሯን ሳያውቅ፣ እናቱ ሲታመሙ የጠየቀው ዝውውር ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚመጣው ሰውዬው ሐሳቡን ከቀየረ በኋላ ነው። ኅዳር ሁለት፣ ሰኞ፣ ደብረ ታቦር ተገኝቶ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ሉላ ለአባቷ ነገረች። ሽማግሌ ሊልክ ይፈልጋል አለች።

አቶ ገብረዝጊ ጨዋ ሰው ናቸው። "ከዚያ በኩል ለመጣ ሰው ልጄን አልሰጥም" አላሉም። ያንን የሚል ቤት በከተማው ሞልቷል፤ ለምን አልክ የሚለውም የለም። እሳቸው ግን ሙዚቀኛ ናቸው፤ ሙዚቀኛ እንዲህ አይልም ተብሎ ይታሰባል፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ አስማማውን ጠርተው ሳሎን አስቀመጡት፤ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ልጅ "እርስዎ" እያሉ፣ በአጥር ላይ እንደሚያነጋግሩት ሰው አነጋገሩት።

"የድምፅ ባለሙያ ነዎት አሉ፣ መምህር።"

"ቴክኒሻን ነኝ፣ ኣቦይ። መምህር አይደለሁም።"

"ያው ነው። አምፑ እንደሌለ ያውቃሉ። የሌለውን አምፕ የሚያስመስል ነገር በላፕቶፕ አለኝ ብለዋል ለልጄ። እንግዲህ ያንን የካሴቱን ድምፅ ያምጡልኝ። ያን ጊዜ ሰዎችዎ ይምጡ፤ ጾሙ ሳይገባ።"

"ባላመጣውስ?"

"ሰው ያልቻለውን አልቻልኩም ይላል። ነውር የለውም።"

ወይዘሮ ኣብርሀት የሻይ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባላቸውን ረዘም አድርገው አዩዋቸው። አቶ ገብረዝጊ ምንጣፉን አዩ። ሉላ ይህን አይታ፣ እናቴ በነገሩ አልተደሰተችም ብላ ደመደመች።

                    *

ሥራው እንዲህ ነው። ጊታሩ መዳፍ በምታህል ሣጥን በኩል ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ስክሪኑ ላይ የአምፕ ሥዕል አለ፤ ቁልፎቹ በማውዝ ይዞራሉ። ላፕቶፑ የድሮ አምፕ ነኝ ይላል፤ ሁለት ስፒከሮች እሱ ያላቸውን ይደግማሉ። ሥራው ማስመሰል ነው። በዚያ ሳሎን ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው ላፕቶፑ ብቻ ነበር ለማለት ግን ይከብዳል።

አስማማው ቁልፍ ያዞራል። አቶ ገብረዝጊ ጊታሩን ከግድግዳ አውርደው፣ የክር መምቻ ፒካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው፣ ያንኑ የታወቀ መግቢያ ይመታሉ። ጣታቸው ዛሬም ትክክል ነው፤ እያንዳንዱን ክር ለብቻው፣ ንጹሕ አድርገው። ከዚያ ካሴቱ ይከፈታል።

"አይደለም" ይላሉ።

የሚመቱት እሳቸው ናቸው፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የማሽኑ ነው። አስማማውም ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ አያውቅም።

ላፕቶፑ ሳምንቱን እዚያው ይውላል፤ አቶ ገብረዝጊ "ጆሮዬ ይልመደው" ስላሉ። አስማማው እያንዳንዱን የተስተካከለ ድምፅ ስም ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን "ሙከራ 1" ብሎት ሄደ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሲከፍተው "ሙከራ 1፦ ሸሚዝህ ያምራል" ተብሎ ጠበቀው።

ቀና አላለም። ጆሮው ግን ቀላ። ማታውን "ሙከራ 4፦ ትሬብሉ በዛ። አንቺ ግን አልበዛሽም" ብሎ አስቀምጦ ሄደ። በሦስተኛው ቅዳሜ መልሱ ተቀምጦ ነበር፦ "ሙከራ 4 ለ፦ ባባ ቁርስ ላይ ያንተን ስም ጠራ። ለመውቀስ ነው። ግን ጠራ።"

ስልክ ነበራቸው። በስልክ ግን ስለ ዝውውር፣ ስለ ቀን፣ ስለ ሽማግሌ ነው የሚያወሩት፤ ሁልጊዜም አንዳቸው ተከፍተው ይዘጋል። እዚህ ሰማንያ ፊደል ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሰማንያ ፊደል ውስጥ ጠብ አይገባም።

በዚያው በሦስተኛው ቅዳሜ አቶ ኣለምሰገድ መጡ። የወይዘሮ ኣብርሀት ወንድም ናቸው፤ የ"ነጭ ድንጋይ" ከበሮ መቺ የነበሩ፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗቸውም እግራቸው አርፎ አይቀመጥም።

"ልጄ፣ ያኔ እኮ እንዲህ ያለ መብራት አልነበረም" አሉት አስማማውን። "የከተማው ጄኔሬተር ነው። ሲመሽ ሰው ሁሉ አምፖሉን ሲያበራ፣ የኛ አምፕ እንደ ጾመኛ ይዝላል።"

አስማማው ማውዙን ለቀቀ። በሶፍትዌሩ ውስጥ ለአምፑ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቀንስ ቁልፍ ነበር፤ ነክቶት አያውቅም። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ላይ ነበር።

"ምን ያህል ይዝል ነበር?"

"እሱን እንኳ..." አሉ አቶ ኣለምሰገድ።

"ቀዩ መብራት ይደበዝዝ ነበር" አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት፣ የጊታሩን ሥር እየወለወሉ። "ከፊቱ ያለችው ትንሿ። ልትጠፋ ስትል ነው ድምፁ ያማረው።"

ጊታሩን በአንድ እጃቸው አንስተው፣ እንዳይጮህ የግራ እጃቸውን ጣቶች ክሮቹ ላይ አሳርፈው ነበር። አምስቱንም ጣት፤ እያንዳንዱን በየክሩ። አስማማው አየ፤ አይቶም አለፈው።

"ሻዩ ቀዘቀዘ" አሉ አቶ ገብረዝጊ።

ወይዘሮ ኣብርሀት ጊታሩን መልሰው ወደ ጓዳ ገቡ። አስማማው ቁልፉን ወደ አንድ መቶ ሰባ አወረደው። አቶ ገብረዝጊ መቱ። ድምፁ ወፈረ፤ ደከመ፤ ከደከመበት ውስጥ አንድ ነገር ቀና አለ። ሉላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አቶ ኣለምሰገድ እግራቸውን አቆሙ።

አቶ ገብረዝጊ ፒኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እጃቸው ኪሱን እስኪያገኝ ትንሽ ፈለገ።

"ቀርቧል" አሉ። "አይደለም።"

ከዚህ መልስ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ማንም ደስ አላለውም፤ መላሹም ጭምር።

                    *

በአራተኛው ቅዳሜም አይደለም ተባለ። ሐሙስ ዕለት አስማማው ላብራቶሪ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ከዓመት በፊት ከካሴቱ የቀዳውን የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ። እስከዚያ ቀን ሲሠራበት የነበረው የጸዳውን ነው። ያኔ የሉላን ልብ ለማግኘት ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያጸዳው ነበር፤ የቴፑን "ሽሽ" የሚል ድምፅ፣ ጭረቱን፣ ከእያንዳንዱ ኖታ በፊት ያለችውንም ቅንጣት "ሽክ" አንድ በአንድ ለቅሞ አውጥቷል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። ቆጥሮ ነግሯት ነበር፤ እሷም በጣም ተደስታ ነበር።

አሁን መልሶ ሲሰማው፣ "ሽሽ" የሚለው ድምፅ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ጭረቱ በፈለገው ጊዜ ይመጣል። "ሽኳ" ግን ሰዓቷን ጠብቃ ነው የምትመጣው። ከእያንዳንዱ ኖታ በፊት፣ ሁልጊዜ በእኩል ርቀት፣ ልክ እንደ ትንፋሽ።

ቆሻሻ ቀጠሮ አያከብርም።

አስማማው ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ደብረ ታቦር፣ ከእናቱ ቤት ቀጥሎ ክራር የሚደረድር ሰው ነበር። ክራር ደርዳሪ አንዱን ክር ለይቶ አይመታም፤ ቀኝ እጁ ሁሉንም ይገርፋል፤ እንዳይጮሁ የሚፈለጉትን የሚያፍነው ግራ እጁ ነው። የታፈኑት ክሮች ድምፅ የላቸውም። "ሽክ" ብቻ ነው የሚሉት። ከዚያ የተለቀቀው ይጮኻል።

ይህን ጊታር የመታው ክራር የተማረ እጅ ነው። አቶ ገብረዝጊ እያንዳንዱን ክር ለብቻው፣ ንጹሕ አድርገው ነው የሚመቱት።

ክሮቹ ላይ ያረፉ አምስት ጣቶች ትዝ አሉት። ቀዩ መብራት ይደበዝዝ ነበር። ቀዩን መብራት የሚያየው አምፑ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው።

ማግኘቱን ሲያውቅ፣ ደስታው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ። ቅዳሜ ይህን ከተናገረ፣ ድምፁን አምጥቷል፤ ሽማግሌው ይመጣል። በዚያው አፍ ደግሞ አንድ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው በልጃቸው ፊት፣ በራሳቸው ሳሎን፣ ሃምሳ ዓመት የለበሱትን ኮት ያወልቃሉ። ያስወለቃቸውም ከዚያ በኩል የመጣው ልጅ ይሆናል።

የላብራቶሪው መብራት ያለ ምክንያት የበራ መስሎት አጠፋው። ጨለማ አልሆነም፤ ገና ቀን ነበር።

                    *

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዳ ኢየሱስ፣ ከአሮጌው ምሽግ ግንብ ሥር ተገናኙ። ተማሪዎች በቡድን በቡድን ይወርዳሉ። ንፋሱ የሉላን ነጠላ ከትከሻዋ እየገፈፈ ያስቸግራታል።

"አገኘኸው?" አለችው፣ ሰላም ከማለቷ በፊት።

"አላገኘሁትም።"

አየችው። ሉላ ሰው ሲዋሽ ታውቃለች፤ ፋርማሲዋ የሚመጣው ሰው ሁሉ መድኃኒቱን በሰዓቱ ነው የምወስደው ይላል።

"ቀርቧል እኮ ብሎ ነበር ባባ።"

"ብሎ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ከዚህ በላይ አይቀርብም፣ ሉልዬ።"

"ነገ አንድ ቀን አለ። ሁለት ቁልፍ ብትነካ፣ ሦስት ብትነካ..."

"ቁልፍ አይደለም የጎደለው።"

"ምንድን ነው የጎደለው?"

አስማማው ግንቡን አየ። አንድ ድንጋይ ላይ የሁለት ሰው ስም ተቀርጿል፤ አንዱ ስም በሌላ ሰው ተፍቋል።

"ንገረኝ" አለች።

"የኔ አይደለም፣ ልነግርሽ አልችልም።"

"የኔ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው?" ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ስትናደድ ዝቅ የሚል ድምፅ ነው ያላት። "ዝውውሩን ሳላውቅሽ ነው የጠየቅኩት አልከኝ፣ እሺ። ካወቅከኝ በኋላ ለምን አልሰረዝከውም?"

"እናቴ..."

"እናትህን አልነካሁም። እናትህን ይማራቸው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ 'ከየት ነው?' ሲሉኝ 'ከዩኒቨርሲቲ ነው' እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰው ከዩኒቨርሲቲ ይወለዳል እንዴ፣ አስማማው? አክስቶቼ ፊት፣ ሠፈር ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ላንተ ብዬ ሰው በዩኒቨርሲቲ አስወለድኩ። አንተ አንድ ድምፅ ማምጣት አቃተህ።"

"ነገ እመጣለሁ። አልቻልኩም እላቸዋለሁ።"

"ደስ ይለዋል።"

"አውቃለሁ።"

"አውቀህ ነው የምትለው?"

አልመለሰም። ሉላ ዝምታውን ሰማች፤ ውስጡ ያለውን ግን ወደ ሌላ ተረጎመችው። ነጠላዋን ከንፋሱ ቀምታ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው።

"ሕራይ፣ እሺ" አለች። "ነገ ቢጫውን ሹራብ አልለብስም።"

ቁልቁል ወረደች። አስማማው አልተከተላትም። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ሊላት የሚችለው እውነት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሰው ነው።

                    *

ቅዳሜ ጥቅምት ሠላሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሉላ ግራጫ ለብሳለች።

አቶ ገብረዝጊ ክራቫት አስረዋል። አቶ ኣለምሰገድ ለምስክርነት ተጠርተው መጥተዋል፤ እግራቸው ከወንበሩ ሥር ይንቀሳቀሳል። አስማማው ላፕቶፑን ከፈተ። አምፑን በአንድ መቶ ሰባ ቮልት፣ ስፒከሩን እንዳረጀ ስፒከር፣ ሁሉንም እንደሚሆነው አደረገ። ጊታሩንም ሰካ። ስም ሰጥቶ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"እህ፣ መምህር" አሉ አቶ ገብረዝጊ። ጊታሩን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

"አይምቱ፣ ኣቦይ። አይድከሙ። አላገኘሁትም።"

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆየ።

"የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ጎድሏል። እኔ ዘንድ የለም።"

"ምን ጎደለ?" አሉ አቶ ገብረዝጊ።

ጥያቄው ትንሽ ፈጥኖ ወጣ። አቶ ኣለምሰገድ እግራቸውን አቆሙ። አስማማው አዛውንቱን ቀና ብሎ አያቸው፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አቶ ገብረዝጊ ዓይኑ ውስጥ ያለውን አነበቡት። ልጁ ያውቃል። የግንባራቸው ቆዳ ቀለሙን ለወጠ፤ የክራቫታቸውን ቋጠሮ ነኩ። የሚቀጥለውን ቃል እንደ ፍርድ ጠበቁ።

"ጆሮዬ ይሆናል" አለ አስማማው። "ጥሩ ጆሮ የለኝም።"

አቶ ገብረዝጊ ተነፈሱ። ረጅም ነበር፤ ከደስታም የመጣ አይመስልም።

"ነውር የለውም" አሉ፣ ወደ ምንጣፉ። "ሰው ያልቻለውን... ነውር የለውም።"

ሉላ ተነሳች። ማንንም አላየችም። "በቃ እንዝጋው" አለች፤ ላፕቶፑን ልትዘጋ ጎንበስ ስትል ስክሪኑ ላይ የመጨረሻውን ስም አየች። እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ኣብርሀት ሻይ ሊያነሱ መጥተው ከልጃቸው ትከሻ ኋላ ቆመው ነበር። መነጽራቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ቀስ ብለው አነበቡ።

"ሙከራ 31፦ ሁሉም አለ። የጎደለው እጁ ብቻ ነው። የሰው ነውና አልናገርም። ይቅር በይኝ።"

ትሪውን አስቀመጡ።

"አትዝጊው፣ ጓለይ።"

"ማማ፣ አንቺ ይሄን..."

"ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አነበዋለሁ። አቧራ ስጠርግ።" ወደ ባላቸው ዞሩ። "ገብረዝጊ፣ ይሄ ልጅ አግኝቶታል። አግኝቶ ነው አላገኘሁም የሚልህ። ላንተ ብሎ።"

"ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ኣብርሀት።"

"ይቀዝቅዝ።"

ወይዘሮ ኣብርሀት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ጊታሩን አንስተው ከአስማማው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የተናገሩትን ለሉላ ነው የተናገሩት፤ ጨው የት እንዳለ እንደሚነግሩ ሁሉ።

"ያን ቀን አባትሽን ጣሳ ጣቱን ቆርጦት ነበር። የመቅጃው ሰው ደግሞ ጠዋት ሊሄድ ነው። እኔ ለወንድሜ እራት ላደርስ ነው የሄድኩት። ከጎረቤት ክራር እመታ ነበር፤ አባቴ ሳያይ። የቄስ ልጅ ሆቴል ገብታ ጊታር መታች ከሚባል፣ ገብረዝጊ መታ ቢባል ይሻላል አልን። ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ ሰው ወደደው። ከዚያ ረዘመ።"

አቶ ኣለምሰገድ ስኒያቸው ውስጥ የሚያዩት ነገር ያለ ይመስል ወደ ስኒያቸው አዩ።

"ኣብርሀት" አሉ አቶ ገብረዝጊ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ የፈለጉ ሰው አጠራር ነበር። በየሠርጉ፣ በየመድረኩ፣ በዚያው ጊታር፣ በዚያው አምፕ፤ አንድ ቀን እንኳ አልመጣላቸውም። ከእሳቸው በቀር ይህን ፍለጋ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ከጎናቸው ሲተኛ ኖሯል።

"አንተስ መች አገኘኸው?" አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። "ሳታገኘው አይደል የተዳርኩልህ?"

የግራ እጃቸው አምስት ጣቶች በየክሩ አረፉ። ቀኝ እጃቸው ሁሉንም ገረፈ።

ሽክ፤ ከዚያም መጣ።

ወፍራም ነው፤ ጫፉ ይሻክራል። ጣቶቻቸው ደንዝዘዋል፤ ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳቱ፤ ለውጥ አላመጣም። ከላፕቶፑ የሚወጣው የላፕቶፕ ድምፅ አልነበረም፤ ሲመሽ፣ ከተማው አምፖሉን ሲያበራ፣ በአንድ ሆቴል ዕቃ ቤት ውስጥ ቀይ መብራት ሲደበዝዝ ነበር። ሉላ እናቷን እንደ እንግዳ ሰው አየቻት። ከዚያ አስማማውን አየችው። ትናንት ግንቡ ሥር የሰማችው ዝምታ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በትክክል ሰማችው።

ካሴቱ ላይ ከበሮው የሚገባው በዘጠነኛው ግርፍ ላይ ነው። በዘጠነኛው ግርፍ ላይ የአቶ ኣለምሰገድ መዳፍ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጠረጴዛው ላይ ገባ።

አቶ ገብረዝጊ ክራቫታቸውን ፈቱ። አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሚስታቸውን እያዩ ወደ አስማማው ጎንበስ አሉ።

"ወደይ፣ ልጄ" አሉት። "የዚህ ነገር ድምፅ የሚጨመረው የቱ ጋ ነው? ጨምርልኝ።"

አስማማው እጁን ወደ ሣጥኗ የድምፅ ቁልፍ ላከ። የሉላ እጅ ቀድሞ እዚያ ነበር። ጣቶቻቸው አንድ ላይ ሆነው ቁልፉን አዞሩት፤ አባት እያዩ፣ እናት እየመቱ፣ አጎት ጠረጴዛውን እየደበደቡ። ድምፁ ሞልቶ በመስኮቱ ወደ ጎረቤት ወጣ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም እጃቸውን አላነሱም።